የአልጂኔት ህትመት ችግሮች፦ በተለይ ስካፎልዱ ሲሟሟ

አልጂኔት ከባህር አረም የሚወጣ፣ ጄል የሚሆን ነገር ነው፤ ሴል ቀላቅለንበት በ3ዲ ፕሪንተር መርፌ ስካፎልድ፣ ማለትም ሴሎቹን የሚይዝ ጥልፍልፍ፣ እናትምበታለን። መርፌው ንጹህ ነው፣ የአየር ግፊቱ ይሠራል፣ ሴሎቹም ከህትመት በፊት ታይተው ጤነኛ ናቸው እንበል። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው።

መርፌው ይደፈናል

አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ካልሲየም ነክቶ ነው። ሳህኑ ላይ ካልሲየም ክሎራይድ ከቀረ አልጂኔቱ መርፌው አፍ ላይ ጄል ይሆናል። መርፌውን ቀይሩ፣ ሳህኑን አድርቁ። እሱ ካልሆነ የጓጎለ ዱቄት ነው። ዱቄቱን እየነሰነሳችሁ አማስሉ፣ እየተማሰለም ይደር። ግፊት ጨምሮ መግፋት ግን በፍጹም! መርፌው ይከፈት ይሆናል፤ ሴሎቹ ግን በጠባቡ ቀዳዳ ሲጨመቁ ያልቃሉ።

መስመሩ ቅርጹን አይዝም

2 በመቶ አልጂኔት ብቻውን አይቆምም። ጄላቲን ወይም ሜቲልሴሉሎስ ጨምሩበት። ሲሠራ የከረመ ቀመር በድንገት ከቀጠነ ግን አልጂኔቱን አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ ማን እንዳስገባው ጠይቁ። ሙቀቱ ረጅሙን ሰንሰለት ይቆራርጠዋል። አቅጥኖ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማሳለፍ ይሻላል። ርካሽ ነው ተብሎ የሚገዛው የምግብ ማወፈሪያ አልጂኔትማ ያናድዳል። ውስጡ ምን ያህል ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) እንዳለ ሳይታወቅ እንዴት ሴል ይቀላቀልበታል?

ስካፎልዱ ይሟሟል

ደጋግሜ የማየው ይሄንን ነው። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው ጥልፍልፍ ጠዋት ጠርዙ ተድበልብሏል። ቀዳዳዎቹ አብጠው ተደፍነዋል። በመቆንጠጫ ሲያነሱት እንደ ንፍጥ ይለጠጣል። ወዲያው ፕሪንተሩ ይታማል፤ ጥፋቱ ግን የማጠቢያው ፈሳሽ ነው።

አልጂኔትን ጄል የሚያደርገው ካልሲየም ነው። ካልሲየሙ በሰንሰለቶቹ ጂ (ጉሉሮኔት) በሚባሉት ክፍሎች መሃል ገብቶ ያያይዛቸዋል። ፎስፌት ካልሲየሙን ይነጥቃል፣ ሶዲየምም ቦታውን ይወስዳል። በየላብራቶሪው ለማጠቢያ የሚነሳው ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለው የጨው ፈሳሽ) ደግሞ ሁለቱንም ይዟል፤ ፎስፌቱ 10 ሚሊሞላር ገደማ፣ ሶዲየም ክሎራይዱ 137። ካልሲየም ብዙውን ጊዜ የለውም።

አንድ ተማሪ ህትመቱ ሴሎቹን እየበተነበት ተቸግሮ መጣ። ሴሎቹ በህይወት መኖራቸውን ለማየት ቀለም ይነክራል፤ ከቀለሙ በፊትም በኋላም በፒቢኤስ ደጋግሞ ያጥባል። ማይክሮስኮፕ ስር ስካፎልድ የለም፣ የሚንሳፈፉ ሴሎች ብቻ ናቸው። ማጠቢያውን ስንቀይርለት ጥልፍልፉ ሳይነካ ታየ። ካልሲየም ክሎራይዱን ራሱን በፒቢኤስ የሚበጠብጥም አለ! ፈሳሹ ነጭ ሆኖ ከደፈረሰ ካልሲየሙ ከፎስፌት ጋር ዘቅጧል፤ ድፉት።

ሚዲያም (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ይለያያል። ዲኤምኢኤም 1.8 ሚሊሞላር ካልሲየም አለው። አርፒኤምአይ 1640 ግን 0.4 ገደማ ብቻ ነው ያለው፣ ፎስፌቱም ከ5 ይበልጣል። ሚዲያ ቀይራችሁ ስካፎልዱ ቶሎ ከላላ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ይሄንን እዩ።

ምክንያቱን ለመለየት ሁለት ስካፎልድ አትሙ። አንዱን ሚዲያ ውስጥ፣ ሌላውን ጥቂት ሚሊሞላር ካልሲየም ባለው የሄፔስ (ፎስፌት ያልሆነ የፒኤች ማረጋጊያ) ጨው ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ አሳድሩ። ሚዲያው ውስጥ ያለው ብቻ ከሟሟ ሚዲያው ነው። ሁለቱም ከላሉ መጀመሪያውኑ በደንብ አልረጋም፣ ወይም የቀላቀላችሁት ጄላቲን ቀልጦ ወጥቷል። በምላጭ ሰንጥቃችሁ መሃሉን እዩ። ካልሲየም ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ቶሎ ከወጣ ቆዳው ብቻ ረግቶ ሆዱ ፈሳሽ ይሆናል።

መፍትሄው፦ በ100 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ለ5 ደቂቃ ያህል፣ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ቆየት አድርጉ። ከዚያ ካልሲየም ባለው ሄፔስ እጠቡ። ሚዲያ ስትቀይሩ ካልሲየም በጥቂቱ ጨምሩ፤ ከደፈረሰ አብዝታችኋል። 100 ሚሊሞላሩ ውስጥ ረስታችሁት አትሂዱ፣ ሴሎቹ ይጎዳሉ። ካልሲየም የሚነጥቁት ኢዲቲኤ ወይም ሲትሬት ያሉበት ምንም ነገር አይጠጋው። ባሪየም አጥብቆ ይይዛል፣ ግን መርዛማ ነው።

ሴሎቹ ክብ ሆነው ይቀራሉ

አልጂኔት ለሴል መያዣ የለውም። አርጂዲ (ሴል የሚጣበቅበት አጭር ፔፕታይድ) የተያያዘበትን ተጠቀሙ።

ስስና አየር ላይ የተንጠለጠለ ቅርጽ ይወድቃል

በ2015 ከካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ፍሬሽ የተባለ ዘዴ ሞክሩ። ህትመቱ የሚካሄደው ካልሲየም ባለው የጄላቲን ድልህ ውስጥ ነው፤ ሲጨርሱ በ37 ዲግሪ ጄላቲኑ ቀልጦ ይወጣል። ድልሁንም በፒቢኤስ አታዘጋጁት።