ከባንኮክ ወደ ደሴቶቹ፦ በባቡርና በጀልባ

ባንኮክ የሄድኩት አጎቴን ይዤ ለሕክምና ነበር። እሱ ድኖ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ እኔ ስድስት ቀን ቀረሁ። ሰው ሁሉ ስለ ደቡብ ታይላንድ ደሴቶች ሲያወራ ሰንብቶ ሳላይ ብመለስ ይቆጨኝ ነበር። ከደሴቶቹ ወደ አንዱ፣ ወደ ሳሙይ፣ አውሮፕላን አለ፤ ዋጋው ግን ለኔ ቢጤ አይሆንም። በባቡርና በጀልባ ሄድኩ።

ሦስቱ ደሴቶች ከሰሜን ወደ ደቡብ የተደረደሩ ናቸው፦ ታኦ፣ ፓንጋን፣ ሳሙይ። ስለዚህ በስተሰሜን ባለው በቹምፖን ከተማ በኩል ገብታችሁ በስተደቡብ ባለው በሱራት ታኒ ከተማ በኩል ውጡ። የሄዳችሁበትን መንገድ መልሳችሁ አትደግሙትም።

የማታው ባቡር የሚነሳው ክሩንግ ቴፕ አፒዋት ከሚባለው አዲሱ ጣቢያ ነው። ከ2023 ወዲህ የአልጋ ባቡሮች ከድሮው ከሁዋላምፖንግ አይነሱም። ሁለተኛ ማዕረግ፣ የታችኛውን አልጋ ቁረጡ። ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ሰፊ ነው፣ መስኮትም አለው። ጋቢ ያዙ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ምን ጋቢ አትበሉኝ፤ የባቡሩ ማቀዝቀዣ ያንቀጠቅጣል።

አሁን ጉዴን ልንገራችሁ። ትኬቴ ላይ ቹምፖን የምደርስበት ሰዓት 04:10 ይላል። እኔ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 መስሎኝ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ለካስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው! ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች፣ ሱራት ታኒ ደርሰናል። ጉዞዬን ከሳሙይ ጀምሬ ወደ ላይ፣ የኋሊት ለመጓዝ ተገደድኩ። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ደወል ሙሉ። የታይላንዶቹ ዓመተ ምሕረት ደግሞ እንዳያስደነግጣችሁ። እኛ ከፈረንጁ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ነን፣ እነሱ 543 ወደ ፊት።

ከቹምፖን ወደ ታኦ በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ጣቢያው ወደቡ ላይ አይደለም፤ አውቶቡሱን የሚጨምር ትኬት ግዙ። ሲያስገቧችሁ ደረታችሁ ላይ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፋሉ። አትላጡት፤ የት እንደምትወርዱ የሚያውቁት በሱ ነው። ያው ጀልባ ወደ ቀጣዮቹ ደሴቶች ስለሚቀጥል ሻንጣችሁንም እናንተው ፈልጉ፣ የሚያወጣላችሁ የለም።

ባሕሩ ጣና አይደለም። የማቅለሽለሽ ክኒን ከመሳፈር ግማሽ ሰዓት በፊት ዋጡ። ከኋላ፣ ታችኛው ፎቅ ላይ ተቀመጡ፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ግን ባትሄዱ ይሻላል። ዝናቡ ይበረታል፣ ጀልባም ይሰረዛል።

ታኦ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዚያ በትንሽ ጀልባ ናንግ ዩዋን ሂዱ፤ ሦስት ጉብታዎች በነጭ አሸዋ የተያያዙበት ደሴት ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አያስገቡም። ሞተር የምትከራዩ ከሆነ ፓስፖርታችሁን መያዣ አትስጡ። ዳገቱም ለጀማሪ አይሆንም።

ፓንጋን ስትሄዱ ጨረቃዋን እዩ። ሙሉ ስትሆን ሃድ ሪን ዳርቻ ላይ ትልቅ ጭፈራ አለ፤ ጀልባውም አልጋውም ይሞላል። ከወደቡ የሚያደርሳችሁ የእኛን የድሮ ውይይት ታክሲ ቁርጥ ነው፣ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥበታል። ዋጋ ሳትነጋገሩ አትሳፈሩ።

ጾመኞች «ጄ» የሚለውን ቃል ያዙ። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈበት ምግብ ቤት ሥጋም እንቁላልም ወተትም የለውም። ሌላ ቦታ «አትክልት ብቻ» ብትሉም የዓሣ መረቅ ጠብ ያደርጉበታል።

ከሳሙይ መልስ መኪና የሚጭነው ትልቁ ጀልባ ዶንሳክ የሚባል ወደብ ላይ ያወርዳችኋል። የሱራት ታኒ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ፑንፒን ላይ ነው። አውቶቡሱ ከወደቡ እዚያ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ስላለው የጠዋቱን ጀልባ ያዙ፤ የማታው ባቡር አያመልጣችሁም።