የስኬትቦርድ ትራክን ከአንድ አምራች ወደ ሌላ አምራች ስለ መቀየር

ለዓመታት የአንድን አምራች ትራክ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከሰሌዳው ሥር የሚይዘውን የብረት ክፍል፣ ሲጠቀም የቆየ ሰው ወደ ሌላ ሲዞር በቅድሚያ የሚያሳስተው በትራኩ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። የኢንዲፔንደንት 149 የአክስሉ ርዝመት 8.5 ኢንች ሲሆን የኤስ 44 ደግሞ 8.25፣ የቬንቸር 5.2 ግን 8 ኢንች ነው፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ልማድ ስለሚሰይም ቁጥሮቹን ማስተያየት ትርጉም የለውም። ቁጥሩን ትተው የአክስሉን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ፤ ከሰሌዳው ስፋት ጋር ቢተካከል ይመረጣል፣ የሩብ ኢንች ወይም የ6 ሚሊሜትር ያህል ልዩነት ግን አያስቸግርም።

አሮጌውን ትራክ ከመፍታትዎ በፊት በፊተኛውና በኋለኛው አክስል መካከል ያለውን ርቀት እንዲሁም አክስሉ ከሰሌዳው ሥር ያለውን ከፍታ ለክተው ይጻፉ። ትራኩ በቡሎን የሚታሰርባቸው የሰሌዳው ቀዳዳዎች ባይለወጡም አክስሉ ከቡሎኖቹ የሚርቀው መጠን እንደ አምራቹ ይለያያል። ለምሳሌ ቬንቸር አክስሎቹን ወደ ውጭ በመግፋት ይታወቃል፤ በዚህም ቦርዱ በፍጥነት ሲሄድ ይረጋጋል፣ ሲዞር ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ከጎማው በስተኋላ የሚተርፈው ጅራትም ስለሚያጥር ቦርዱን ለማስፈንጠር የለመዱት ጉልበትና ጊዜ ይለወጣል። ብዙዎች «አዲሱ ትራክ አልተመቸኝም» ብለው የሚመልሱት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ይህን ልዩነት ስለማያውቁት ነው።

ከፍታውም ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም። 55 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ካለው ትራክ ወደ 48 ሚሊሜትር ዝቅ ያለ ሰው የቀድሞ ትልልቅ ጎማዎቹን እንደያዘ ቢቀጥል፣ በጥምዝ ላይ ጎማው ሰሌዳውን ነክሶ ቦርዱን በድንገት ሊያቆመውና ነጂውን ወደ ፊት ሊወረውረው ይችላል። መፍትሔው ትንንሽ ጎማ መግጠም፣ ካልሆነም በትራኩና በሰሌዳው መካከል 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ማስነሻ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ ቡሎኖቹም በዚያው መጠን መርዘም አለባቸው።

ለመፍታትና ለመግጠም የ3/8፣ የ1/2 እና የ9/16 ኢንች መፍቻ ያስፈልጋል። የሁለቱም ትራኮች የኪንግፒን (የትራኩን ክፍሎች አንድ ላይ የሚይዘው ወፍራም ቡሎን) ዳዶዎች ወደ ሰሌዳው መሐል መዞራቸውን ያረጋግጡ፤ ከዚያ አራቱን ቡሎኖች በማዕዘን በኩል እያፈራረቁ፣ ጭንቅላታቸው ከሰሌዳው ገጽ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ያጥብቁ። በእያንዳንዱ ጎማ ከኩሽኔታው ግራና ቀኝ ሮንዴላ አስገብተው ዳዶውን ጎማው በነፃነት እንዲሽከረከር በጥቂቱ ላላ አድርገው ይተዉት።

የአንዱን አምራች የላይ አካል (አክስሉን የሚይዘውን ክፍል) በሌላው መሠረት (በሰሌዳው ላይ በሚታሰረው ክፍል) ላይ ለማዛመድ አይሞክሩ፣ መገጣጠሚያቸው አይመሳሰልምና። ፊት አንድ ዓይነት፣ ኋላ ሌላ ዓይነት ትራክ መግጠምም የከፍታ ልዩነት ስለሚያመጣ ቦርዱን ያጋድለዋል።

አዲስ ጎሚኒ (በኪንግፒኑ ዙሪያ የሚገባው፣ ትራኩ እንዲጋደል የሚያስችለው ለስላሳ ቀለበት) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቅ ነው፤ ጥቂት ሳምንት እስኪለሰልስ ሳይጠብቁ የኪንግፒኑን ዳዶ ደጋግሞ ማላላት አይገባም። ከለሰለሰ በኋላ በሩብ ዙር ብቻ እያስተካከሉ ይሞክሩት። ዳዶውን ሲያጠብቁ ጎሚኒው ወደ ጎን ካበጠ ግን ማጥበቁን አቁመው፣ ጥንካሬው 90ኤ (ቁጥሩ ሲጨምር ጎሚኒው ይጠነክራል) የነበረውን በ94ኤ ወይም ከዚያ በጠነከረ፣ ለዚያው ትራክ በተሠራ ጎሚኒ ይተኩት።