የቤት ኮምፒውተር ሥራ ሲፈታ በራሱ እንዲጠፋ ሲያደርጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብዙ ቤቶች ኮምፒውተር ተጠቃሚው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ለሰዓታት በርቶ ይቆያል፤ ሳይጠፋ የሚያድርበት ሌሊትም ጥቂት አይደለም። አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያለ ሥራ በርቶ ሲቀመጥ 60 ዋት ይወስዳል ብለን ብናሰላ፣ በየሌሊቱ ለ10 ሰዓታት ሲበራ በ30 ቀናት ውስጥ ማንም ያልተጠቀመበት 18 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይባክናል። ስለዚህ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ የሚደገፍ ሐሳብ ነው። ሆኖም ይህን የሞከሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ችግሮች አንዱ ይገጥማቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ወይ ጨርሶ አይጠፋም፣ ወይም መጥፋት በማይገባው ሰዓት ጠፍቶ ያልተቀመጠ ሥራ ይዞ ይሄዳል። የሁለቱም ዋና ምክንያት፣ ኮምፒውተሩ «ሥራ ፈትቻለሁ» የሚልበት መለኪያ እኛ ከምናስበው የተለየ መሆኑ ነው።

የሚነካው ሰው ስለሌለ ሥራ የለውም ብሎ ማሰብ

በራስ ሰር ለማጥፋት የተሠሩ ብዙ አነስተኛ ፕሮግራሞች የሚቆጥሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኪቦርዱ ወይም ማውዙ ለመጨረሻ ጊዜ ከተነካ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ። ነገር ግን ረጅም ፊልም የሚመለከት ሰው ለሁለት ሰዓታት ምንም ቁልፍ ላይነካ ይችላል። ትልቅ ፋይል ከኢንተርኔት ሲወርድ፣ ፎቶግራፎች ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሲገለበጡ ወይም የተቀናበረ ቪዲዮ ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ሲጠበቅ፣ ኮምፒውተሩ በርትቶ እየሠራ እጅ ግን አይነካውም። ፊልም ማጫወቻዎች ኮምፒውተሩ በመካከል እንዳያንቀላፋ ለዊንዶውስ ያሳውቃሉ፤ በቀጥታ «ጥፋ» ብሎ የሚያዝ ፕሮግራም ግን ይህን ማሳሰቢያ የመመልከት ግዴታ የለበትም።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማስተካከልዎ በፊት፣ ኮምፒውተሩ ሰው በሌለበት የሚሠራቸውን ሥራዎች በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ። ዝርዝሩ ባዶ ካልሆነ፣ የሚመርጡት መሣሪያ የእጅን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን የፕሮሰሰሩን፣ የዲስኩንና የኔትወርኩን እንቅስቃሴ ጭምር የሚመለከት ሊሆን ይገባል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው፣ ትእዛዞችን በተወሰነ ሰዓት ወይም ሁኔታ የሚያስጀምረው ታስክ ስኬጁለር ከእነዚህ አነስተኛ ፕሮግራሞች ይልቅ ሰፋ አድርጎ ያያል፤ ከተጠቃሚው አለመኖር በተጨማሪ የፕሮሰሰሩንና የዲስኩን ሥራ ያገናዝባልና።

የማንቀላፊያውንና የማጥፊያውን ሰዓት ማጋጨት

እኔ እንደማየው ከሁሉም የበለጠ ሰውን የሚያደክመው ይህ ስህተት ነው። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ ስክሪኑ መቼ እንደሚጠፋ፣ ኮምፒውተሩ መቼ ወደ ስሊፕ (ማንቀላፋት) እንደሚገባና መቼ ሀይበርኔት እንደሚያደርግ (ሥራውን በዲስክ አስቀምጦ እንደሚጠፋ) መወሰን ይቻላል፤ «ይህን ያህል ጊዜ ሥራ ከፈታ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ» የሚል ምርጫ ግን እዚያ አይገኝም። በዚህ ምክንያት ተጠቃሚው ወደ ታስክ ስኬጁለር ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ሄዶ፣ ለምሳሌ ከሁለት ሰዓት ሥራ መፍታት በኋላ የሚፈጸም የማጥፊያ ትእዛዝ ያዘጋጃል፤ ቀድሞ በ30 ደቂቃ የተሞላውን የስሊፕ ሰዓት ግን ሳይነካ ይተወዋል። ኮምፒውተሩ በ30ኛው ደቂቃ ያንቀላፋል። ባንቀላፋ ጊዜ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሥራውን ያቆማል፣ ጊዜውን ሲቆጥር የነበረው ፕሮግራምም አብሮ ይቆማል፣ ሁለት ሰዓቱም አይሞላም። ጠዋት ቁልፍ ሲነካ ሁሉም መስኮት እንደነበረ ስለሚመለስ ሰውየው ትእዛዙን ያበላሸ ይመስለውና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስሊፕን «በፍጹም» በሚለው ምርጫ መዝጋት ወይም የማጥፊያውን ጊዜ ከስሊፑ ጊዜ ማሳጠር ነው። ሁለተኛው፣ እኔም ለአብዛኛው ቤት የምመክረው፣ ማጥፋቱን ትቶ ሀይበርኔትን መጠቀም ነው። ስሊፕ ክፍት የሆነውን ሥራ በራም፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ላይ ስለሚያቆየው ያለማቋረጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ባትሪ በሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ መብራት ከተቋረጠ በራም ላይ የነበረው ይጠፋል። ሀይበርኔት ግን ያንኑ ሥራ ወደ ዲስክ ጽፎ ኮምፒውተሩን ስለሚያጠፋው፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከተጠፋ ኮምፒውተር እምብዛም አይለይም፣ ሲበራም ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ምርጫው በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት መልሶ መክፈት ይቻላል። በዲስኩ ላይ በርካታ ጊጋባይት ቦታ እንደሚይዝ ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በግዴታ ማጥፋትና ማስጠንቀቂያውን ማሳጠር

የዊንዶውስ የማጥፊያ ትእዛዝ፣ ማለትም ሻትዳውን፣ ክፍት ፕሮግራሞችን ሳይጠይቅ በግዴታ የሚዘጋበት አማራጭ አለው። ብዙ ሰው ትእዛዙን ከሌላ ቦታ ሲገለብጥ ይህን አማራጭ ሳያስተውለው አብሮ ይገለብጠዋል። ከዚህ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን፣ አማራጩ ባይጻፍም እንኳ ከዜሮ የሚበልጥ የመጠበቂያ ጊዜ ከተሰጠ ዊንዶውስ ግዴታውን በራሱ የሚጨምር መሆኑ ነው። እንዲህ ሲሆን «ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ» የሚለው ጥያቄ ሥራውን አያድነውም። ዎርድ ለመልሶ ማግኛ የሚሆነውን ቅጂ በተለመደው አሠራሩ በየ10 ደቂቃው ስለሚያስቀምጥ፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል።

የመጠበቂያው ጊዜ ካልተገለጸ 30 ሰከንድ ብቻ ነው። በሌላ ክፍል ያለ ሰው በ30 ሰከንድ ውስጥ መጥቶ፣ ማስታወቂያውን አንብቦ፣ ማጥፋቱን ሊሰርዝ አይችልም። ስለዚህ 300 ወይም 600 ሰከንድ ይስጡ። መሰረዣው ትእዛዝ ሻትዳውን የሚለውን ቃል አስከትሎ ስላሽና የላቲኑን ኤ ፊደል (shutdown /a) መጻፍ ብቻ ነው፤ ይህን በዴስክቶፑ ላይ አቋራጭ አድርገው ቢያስቀምጡትና የቤቱ ሰው ሁሉ ቢያውቀው፣ ማስጠንቀቂያው በእርግጥ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። አንድ ኮምፒውተር የሚጋሩ ሰዎች ባሉበት ቤት፣ አንዱ ከራሱ አካውንት ሳይወጣ ለሌላው ይለቅና ሄዶ ይተኛል። በሁለተኛው ሰው አካውንት የተዘጋጀው የማጥፊያ ትእዛዝ የመጀመሪያውን ሰው ክፍት ጽሑፍም አብሮ ይዘጋል። ለሌላ ሰው ሥራ ጥንቃቄ ማድረግ ግዴታችን ስለሆነ፣ ትእዛዙ እንዳለ ለሁሉም መንገር አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ነው።

የታስክ ስኬጁለርን ቅድመ ሁኔታዎች አለማንበብ

አዲስ ታስክ ሲፈጠር «ኮምፒውተሩ ከመብራት ጋር ሲገናኝ ብቻ ይጀምር» የሚለው ሁኔታ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን ካላነሣ፣ ቻርጀሩ በተነቀለ ጊዜ፣ ይኸውም ማጥፋቱ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ትእዛዙ አይሠራም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሲስተምዲ የተባለው ሥርዓት ኮምፒውተሩን ሥራ ሲፈታ የማጥፋት ችሎታ ቢኖረውም፣ በተለመደው አቀማመጡ ምንም እንዳያደርግ የተሞላ ነው፤ ተከፍቶም ቢሆን፣ ዴስክቶፑ ሥራ መፍታቱን ካላሳወቀው ቆጠራውን አይጀምርም።

ኤሌክትሪኩን ከግድግዳ ማቋረጥ

በሶኬት ላይ የሚሰካ ሰዓት ቆጣሪ ለመብራት እንጂ ለኮምፒውተር ማጥፊያ አይሆንም። ዲስኩ ገና ያልጻፈው መረጃ በማስታወሻ ውስጥ እያለ ኃይሉ ከተቋረጠ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ፤ አፕዴት በመጫን ላይ ከነበረ ደግሞ ኮምፒውተሩ ዳግም ላይነሣ ይችላል። ኤሌክትሪኩን መቁረጥ የሚገባው ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።

ሳይሞክሩ መተው

ትእዛዙን ካዘጋጁ በኋላ ሁሉንም ጽሑፍ ዘግተው፣ ጊዜውን ለሙከራ አሳጥረው ይጠብቁ። ካልጠፋ፣ ፓወርሲኤፍጂ (powercfg) በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ እንዳያንቀላፋ የጠየቁትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ማየት ይቻላል። ማውዙንም ይመልከቱ፤ በሚንቀጠቀጥ ወይም በሚያንጸባርቅ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማውዝ ማንም ሳይነካው ጠቋሚውን ሊያንቀሳቅስ ይችላል፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ሰው አለ ብሎ ይቆጥራል። ጠፍቶ ካገኙት ደግሞ ዊንዶውስ የተከሰተውን ሁሉ መዝግቦ በሚያሳይበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ የሲስተሙን መዝገብ ይክፈቱ። 1074 የሚል ቁጥር ያለው መዝገብ የትኛው ፕሮግራም እንዲጠፋ እንዳዘዘ በስም ይጽፋል። 41 ወይም 6008 ካዩ ግን ያጠፋው የእርስዎ ትእዛዝ ሳይሆን የኃይል መቋረጥ ወይም ብልሽት ሊሆን ስለሚችል፣ ምክንያቱን መፈለግ ያለብዎት በሌላ በኩል ነው።