የግቢ ሳራችሁ በጋውን ለምን አይሻገርም?

ጎንደር ላይ ሳር ማብቀል ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ሐምሌና ነሐሴ ራሳቸው ያበቅሉታል። ችግሩ ዝናቡ ካባራ በኋላ እስከ ግንቦት ማቆየቱ ላይ ነው። በግቢ አትክልት ሥራ ስኖር ሰው ገንዘቡንም ጉልበቱንም የሚያጣባቸው ስህተቶች ያው እነዚያው ናቸው፤ ዓመት ዓመት ይደገማሉ።

ከሁሉም የከፋው ማታ ማታ በጎማ ረጨት ረጨት ማድረግ ነው። ሰውዬው ከሥራ ይገባል፣ ጎማውን ያነሳል፣ ቅጠሉ እስኪያብለጨልጭ ይረጫል፣ ሳሩ የጠጣ ይመስለውና ይገባል። እስቲ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱት፤ ከጥፍራችሁ በታች ደረቅ ነው። ሥር ውሃ ባለበት ነው የሚኖረው። ውሃው ላይ ላዩን ከቀረ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል፤ መጋቢት ላይ ያችን ስስ አፈር ፀሐይ ስትጠብሳት ሥሩም አብሮ ይጠበሳል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ይዘናጋል እንጂ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ማታ ረጥቦ የሚያድር ቅጠል ደግሞ ለሻጋታ በሽታ ይጋለጣል። «በየቀኑ እያጠጣሁት ለምን ደረቀ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱ በጥያቄው ውስጥ አለ፦ በየቀኑ ስላጠጡት ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ግድም አጠጡ። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ግማሹን አጠጡና ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ቀሪውን ጨምሩ፤ አንዴ ከለቀቃችሁበት ወደ ቦዩ ይሄዳል። ሲያልቅ ረጅም ካቻቢቴ አምጥታችሁ መሬቱን ውጉት። ሳትታገሉት እስከ እጀታው ከገባ ውሃው ደርሷል። ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ አልደረሰም፤ ጨምሩ።

ይህን ስሌት የሰማ ሰው ሁለተኛውን ስህተት ራሱ ያገኘዋል፤ ሳሩ ሰፍቷል። መቶ ካሬ ሳር በሳምንት መቶ ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ የአንገረብ ግድብ በደለል በሚቸገርበት ከተማ ይህን ያህል ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ ለጎረቤትም አይመችም። በረንዳው ፊት ሃያ ካሬ ይበቃል። ቀሪውን ድንጋይ አንጥፉበት፣ የጥብስ ቅጠልና ሬት ትከሉበት። ትንሽ ሆኖ የለመለመ ሳር ሰፊ ሆኖ ከገረጣው ይበልጣል፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ሰርዶን መናቅም አለ። ገበሬው ከማሳው ሲነቅለው ስለሚያዩት ግቢያቸው መግባቱን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ አሉ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ እንኳ ሰርዶን ከሞቷ ጋር ያነሳችው ከምንም በላይ ስለምትወደው ነው! ሥሩ ጠልቆ ይወርዳል፣ ሐረጉ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ቢረገጥም ይችላል። ኪኩዩ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ወፍራምና ውብ ነው፤ ግን አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይላችሁ ከሰርዶ የበለጠ ውሃ ይጠይቃችኋል። ሰርዶ የማይችለው ጥላን ነው። አቮካዶ ሥር አትትከሉት፣ አይሆንም።

ከግንባታ የተረፈውን ቀብሮ ላዩ ላይ መትከል። አዘዞ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሳሩ መካከል ሁልጊዜ ክብ ሆኖ የሚደርቅ ቦታ ነበር። ባለቤቷ ፍግ ጨመሩ፣ መድኃኒት ረጩ፣ ከሌላው ለይተው አጠጡት። ስንቆፍረው አራት ጣት ያህል ወርደን ከድንጋይ የጠነከረ ነገር ገጠመን፦ ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታ ነበር። «እኔስ ቡዳ በላው ብዬ ነበር» አሉ እትዬ። ከመትከላችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ስንዝር ቆፍሩ፣ ስብርባሪውን አውጡ፣ የበሰለ ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ለሠርግ ብሎ ኅዳር ላይ መትከል። ጥር ላይ ልጃቸውን የሚድሩ አባት ኅዳር ላይ ይጠሩኛል፤ «ልጄ፣ እስከ ጥር አረንጓዴ አድርግልኝ» ይላሉ። ጋሼ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሰርዶ በብርድ አያድግም። ውሃ ታፈሱበታላችሁ፣ እሱ ግን አይንቀሳቀስም። ለአንድ ቀን ድግስ ቄጤማ ጎዝጉዙ፤ ያምራል፣ ይሸታል። ሳሩን ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ትከሉት፤ ሐረጉን አንድ ስንዝር እያራራቃችሁ፣ ዝናቡ ራሱ ያጠጣላችኋል።

በበጋ አስጠግቶ ማጨድ፦ ሦስት ጣት ያህል ተዉለት፣ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ቁረጡ።

ዩሪያ በደረቅ ሳር ላይ መበተን ማቃጠል ነው። በክረምት፣ ለመቶ ካሬ አንድ ኪሎ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል። በረኪና የነካው የልብስ እጣቢም አይደፋበት፤ አትክልት ያጠባችሁበት ውሃ ግን ይሁን።

የመጨረሻው በጣም ያሳዝነኛል፤ የገረጣውን ሳር ሞተ ብሎ መንቀል። ሰርዶ ውሃ ሲያጣ ቅጠሉን አድርቆ ሥሩን ያቆያል። የፋሲል ግቢን ሳር በሚያዝያና በነሐሴ ያየ ሰው ያውቀዋል። መጋቢት ላይ ሠራተኛ ቀጥረው ሙሉ ግቢውን ቆፍረው ሲያስጥሉ ደርሼ አውቃለሁ፤ ከክምሩ አንድ ሐረግ አንስቼ አንጓው ላይ በጥፍሬ ብፍቀው ውስጡ ነጭና እርጥብ ነበር። መጀመሪያ እንዲህ ፍቃችሁ እዩ። ከተጠራጠራችሁ አንድ ካሬ ብቻ መርጣችሁ ሁለት ሳምንት በደንብ አጠጡ። ቅጠል ካወጣ የቀረውም ደህና ነው፤ ካላወጣ ደግሞ መቆፈሪያችሁን ለሰኔ አቆዩት።