ክራር ሲቃኙ መጫወት፦ ዘፈኑ ይቆይ

ክራር ገዝቶ በወሩ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሰው ብዙ ነው። የሚያሰለቸው ዘፈኑ ቶሎ አለመምጣቱ ነው። ቅኝቱን ከዘፈን በፊት እንደሚገላገሉት ሥራ ሳይሆን እንደ ዋናው ጨዋታ ይያዙት፤ መሰልቸቱ ያኔ ይቀንሳል።

በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ባለስድስት ክር ክራርን ሙሉ ትዝታ በሚባለው ቅኝት ይቃኙ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ስድስተኛው ደግሞ የላይኛው ዶ። ለዚህ የስልክ መቃኛ ይጠቀሙ፤ ሲጨርሱ ስልኩን ያርቁት። አዲስ ክር ስለሚሳብ ለጥቂት ቀናት ድምፁ ይወርዳል። ጥፋቱ የጆሮዎ አይደለም፤ ክሩን በቀስታ ሳብ ሳብ አድርገው እንደገና ያጥብቁት።

አሁን ወደ ሌላው ቅኝት፣ ወደ አምባሰል ይሂዱ። ሬን በግማሽ ድምፅ (ከሚ እስከ ፋ ባለው ርቀት ልክ) ያውርዱ፣ ሚን በግማሽ ያውጡ፣ ላን በግማሽ ያውርዱ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አይንኩ። አንዱን ክር ባንቀሳቀሱ ቁጥር ቆም ብለው ሁሉንም ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ይምቱ። መሃል ላይ ትዝታም አምባሰልም ያልሆነ፣ ስም የለሽ ቅኝት ይመጣል፤ ከሁሉም የሚጣፍጠው እሱ ነው፣ አይለፉት። በሠርግም በዓውደ ዓመትም አምባሰል ሲሰማ ያደገ የወሎ ጆሮ ቦታው ሲደርስ ራሱ ያውቀዋል።

ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ሁለት ክር ብቻ ነው፦ ሶል በግማሽ ይወርዳል፣ ላ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል።

ባቲን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ከሙሉ ትዝታ ተነስተው ሬን በሙሉ ድምፅ፣ ሚን በግማሽ፣ ላን በሙሉ ድምፅ ያወጣሉ። ሁሉም ወደ ላይ ስለሆነ ከመነሻው የተወጠረ ክር እዚህ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ ባቲ በሚሞክሩበት ቀን ዶን ራሱን ዝቅ አድርገው፣ ሌሎቹንም በዚያው ልክ አውርደው ይጀምሩ።

በክረምት፣ ደሴ ጉም ሲለብስ፣ የክራሩ ቆዳ እርጥበት ስቦ ይላላል፤ ድምፁም ይታፈናል። ለጥቂት ደቂቃ ለስስ ፀሐይ ያሳዩት። ምድጃ አጠገብ ካስቀመጡት ግን ቆዳው ይሰነጠቃል።

ድምፅ መቅዳት ለጊዜው ይቅር። የሚቀዳ ሰው የሚያዳምጠው ስህተቱን እንጂ ክሩን አይደለም። ዘፈን ሲያምርዎት አንድ ስንኝ ብቻ ይምረጡ፤ ያንኑ ስንኝ በአራቱም ቅኝት ይሞክሩት። በአንዱ ካልሄደልዎት ዜማውን ትተው ቅኝቱን ብቻ ይምቱ።