ጓሯችሁን የለመደ ራኩን እንዴት ይሸኛል?

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ከያዛችሁ ውሎ አድሮ ከራኩን ጋር መተዋወቃችሁ አይቀርም። ጠዋት ስትወጡ የቆሻሻው በርሜል ተጋድሟል። የትናንቱ የዶሮ አጥንት ሣሩ ላይ ተበትኗል። በቆሎው ዛሬ ነገ እሸት ይሆናል እያላችሁ ስትጠብቁ አገዳው ተሰብሮ ግማሹ ተግጧል። ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነው እንስሳ ማታ መጥቶ ሄዷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ወጥመድ ገዝቶ መያዝና ራቅ ያለ ጫካ ወስዶ መልቀቅ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በሁለቱም ስቴቶች ራኩን ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ ክልክል ነው፣ ምክንያቱንም ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ደግሞም አይሠራም። ራኩን ጓሯችሁን የሚመላለስበት የሚበላው ወይም የሚተኛበት ስላገኘ ነው። ያ ነገር እዚያው እስካለ ድረስ አንዱን ብትወስዱት ሌላው ይተካል። ስለዚህ እንስሳውን ከማሳደድ በፊት የሚያመጣውን ነገር እንፈልግ።

መጀመሪያ ምን ፍለጋ እንደሚመጣ እዩ

ጠዋት ቀደም ብላችሁ ጓሮውን ዞር ዞር በሉበት። ጭቃ ላይ የሕፃን እጅ የመሰለ ባለ አምስት ጣት ዱካ ካያችሁ የራኩን ነው። ሣሩ ከሥሩ ተነቅሎ ተገልብጦ ከሆነ ትል ፍለጋ ነው። በርሜሉ ከወደቀ ጉዳዩ ቆሻሻው ነው። አይነ ምድሩ አንድ ቦታ ላይ ተከምሮ ካገኛችሁት ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ይኖራል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ራኩን የዛፍ ሥር፣ የማገዶ ክምር፣ ዴክ (ከቤቱ ጋር የተያያዘ የእንጨት በረንዳ) ወይም ጣራ መርጦ እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ ይጸዳዳል። ማታ ማታ ከጣራው ሥር ከባድ የእርምጃ ድምፅ ከሰማችሁ፣ በተለይ በጸደይ ወራት ቀጭን የግልገል ጩኸት ከተጨመረበት፣ እናትየው ቤታችሁ ውስጥ ወልዳለች። ለሁሉም መፍትሔው የተለያየ ስለሆነ ይህን ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ።

ቆሻሻውን ዝጉ

አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ያልቃል። ራኩን በፊት እግሮቹ እየዳሰሰ ነገርን የሚያውቅ እንስሳ ነው። ክዳን ያነሳል፣ ቀላል መወርወሪያ ይከፍታል፣ ከረጢት ይቀዳል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ኪሎ ስለሚሆን በርሜል መጣል አያቅተውም።

በርሜሉን ከግድግዳ ወይም ከአጥር ቋሚ ጋር እሰሩት፣ እንዳይጋደም። ክዳኑን ጫፉ ላይ መንጠቆ ባለው የላስቲክ ገመድ ከእጀታ እስከ እጀታ ወጥሩት። ልል ከሆነ ክዳኑን ገፋ አድርጎ እጁን ያስገባል፣ ስለዚህ ጣታችሁ እንኳ እንዳይገባ አድርጉት። የሚቻል ከሆነ በርሜሉን ጋራዥ አሳድሩትና ወደ መንገድ የምታወጡት መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ይሁን፣ በዋዜማው ማታ አይሁን።

እኛ ቤት በተለይ የበዓል ሰሞን ፈተና ነው። የፋሲካ ማግስት የዶሮ ቆዳው፣ የበጉ አጥንት፣ የሥጋ ደም የነካው ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ ከረጢት ይታሰርና በርሜል ውስጥ ለ4 ቀን ይቀመጣል። ሽታው ሰፈሩን ያዳርሳል። አጥንቱንና የሥጋ ትርፍራፊውን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ ቆሻሻ በሚነሳበት ጠዋት አውጥታችሁ ጣሉት። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። በርሜሉንም አልፎ አልፎ በሳሙና እጠቡት።

ኮምፖስት የምታዘጋጁ ከሆነ የሽንኩርት ልጣጭና የጎመን ቅጠል ይግባ፣ ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይግባ። ሥጋ፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ዳቦም እንዲሁ። የውሻና የድመት ምግብ ውጭ አይደር። የወፍ መመገቢያውን ማታ ማታ አስገቡት። ከዛፍ የወደቀ ፍሬ ልቀሙ። ውጭ ሥጋ የጠበሳችሁበትንም መጥበሻ ስቡን ሳትጠርጉ አትተዉት።

በቆሎና ዶሮ ካላችሁ

ራኩን በቆሎ የሚያጠቃው ልክ እኛ እሸት የምንቆርጥበት ሰሞን ነው፣ ፍሬው ወተት ሲይዝ። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ራዲዮ ማስጮህና መብራት ማብራት ለጥቂት ቀን ሊያስደነግጠው ይችላል፣ ከዚያ ይለምደዋል። በእርግጥ የሚያቆመው ለአትክልት ቦታ ተብሎ የሚሸጥ ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ አጥር ነው። ሁለት መስመር ሽቦ ይበቃል፦ አንዱ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። እሸቱ ከመድረሱ ከሳምንት በፊት ትከሉት፣ ሲመሽ አብሩት፣ ሲነጋ አጥፉት። ሣር ሽቦውን ከነካ ኃይሉ ስለሚደክም ዙሪያውን አጭዱ። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ሽቦውን ለአጥር ከተሠራው ቻርጀር (ኃይሉን ከሚመጥነው መሣሪያ) ውጪ በቀጥታ ከቤት መብራት ጋር እንዳታያይዙት፣ ሰው ይገድላል። ትንንሽ ልጆች ካላችሁ ወይም የሰፈሩ ማኅበር ደንብ ካለው ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ዶሮ የምታረቡ ከሆነ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለውን ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ አትመኑት። ዶሮዋ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ ራኩን እንዳይገባ አይከለክልም፤ ይቀደዋል፣ ወይም እጁን በቀዳዳው ሰዶ ዶሮዋን ባለችበት ይይዛታል። ሃርድዌር ክሎዝ የሚባለውን፣ ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጠንካራ ሽቦ ወንፊት ግዙ። መስኮቱንም አየር ማስገቢያውንም በእሱ ሸፍኑ። በምስማር ብቻ ሳይሆን በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ እሰሩት። በሩ ላይ ሕፃን ልጅ የማይከፍተው ዓይነት፣ ሁለት እንቅስቃሴ የሚፈልግ መቆለፊያ ይሁን። ዶሮዎቹ ሲመሽ ይግቡ። አንድ ቀን ብቻ መርሳት ሁሉንም ያስጨርሳል።

ሣሩን የሚገለብጥባችሁ ከሆነ ከሥሩ የጥንዚዛ ትል አለ። ውኃ ማጠጣቱን ቀንሱ፣ እርጥብ መሬት ትሉን ወደ ላይ ያመጣዋል። በነሐሴ አካባቢ ትሎቹ ገና ትንንሽ እያሉ ኔማቶድ የሚባሉትን ጠቃሚ ጥቃቅን ትሎች ከአትክልት መደብር ገዝታችሁ በውኃ በጥብጣችሁ መርጨት ይቻላል። አዲስ ሣር ካነጠፋችሁ ሥር እስኪሰድ በመረብ ሸፍናችሁ ጫፍ ጫፉን በካስማ ያዙት።

ዴክ ሥር ወይም ጣራ ውስጥ ከገባ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ራኩን ብዙ ጊዜ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ትወልዳለች፣ ግልገሎቹም እናታቸውን ተከትለው መውጣት እስኪችሉ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። እናትየው ውጭ እያለች ቀዳዳውን ከደፈናችሁት ግልገሎቹ ውስጥ ይሞታሉ፣ እሷም እነሱን ፍለጋ ጣራችሁን ትቀዳለች። ጭካኔም ነው፣ ኪሳራም ነው።

መውጫ ቀዳዳውን ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ላላ አድርጋችሁ ክደኑት። ዝናብ በሌለበት ሁለት ሦስት ሌሊት ጋዜጣው ካልተነካና ምንም ድምፅ ካልሰማችሁ ማንም የለም፣ መድፈን ትችላላችሁ። ጋዜጣው ተገፍቶ ካገኛችሁት ግን ነዋሪ አለ። ያን ጊዜ ቦታውን ማስጠላት ነው። ደማቅ መብራት አስገቡ፣ ሰው የሚያወራበት የራዲዮ ጣቢያ ከፍታችሁ አስቀምጡ፣ አቼቶ የነከረ ጨርቅ መግቢያው አጠገብ አድርጉ። እናትየው ሌላ ማደሪያ ስለሚኖራት ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ እየያዘች ታዛውራለች። ጥቂት ሌሊት ስጧት። ጭስ ማውጫ ውስጥ ከሆኑ በፍጹም እሳት አታንድዱ፣ መዝጊያውንም አትክፈቱ።

ከወጡ በኋላ ጭስ ማውጫው ላይ ወንፊት ያለው የብረት ክዳን ይግባ። የጣራውን ቀዳዳ በቆርቆሮና በሽቦ ወንፊት ዝጉ። ዴኩን ለመዝጋት ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ፣ ሽቦውን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት፣ ከታች ጫፉን ወደ ውጭ አጥፋችሁ ሌላ 30 ሴንቲ ሜትር አስተኙትና አፈር መልሱበት። ለመቆፈር ሲሞክር ሽቦው ላይ ያርፋል። ጣራውን የሚነካ ቅርንጫፍ ካለ ሁለት ሜትር ያህል እንዲርቅ ቁረጡት። ተከራይ ከሆናችሁ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የአከራዩ ሥራ ነው፤ በጽሑፍ አሳውቁት፣ ፎቶ አያይዙ።

አይነ ምድሩን በባዶ እጅ አትንኩ

የራኩን አይነ ምድር ብዙ ጊዜ የወስፋት ዓይነት ትል እንቁላል ይኖርበታል። ሰው ከዋጠው ትሉ ወደ አንጎልና ወደ ዓይን ሊሄድ ይችላል። በሰው ላይ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው፣ ከደረሰ ግን ከባድ ነው። የሚያሰጉት አፈር ነክተው እጃቸውን አፋቸው የሚከቱ ሕፃናት ናቸው። እንቁላሉ በሽታ ማስያዝ የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ቶሎ ማንሳት ብዙ ይጠቅማል።

ጓንትና ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ኤን95 ማስክ ልበሱ። አቧራ እንዳይነሳ በውኃ አርጥቡት። በአካፋ አንስታችሁ በሁለት ከረጢት እሰሩና ጣሉ። ከዚያ ቦታው ላይ የፈላ ውኃ ድፉበት፤ በረኪና ይህን እንቁላል አይገድለውም። ጣራ ውስጥ ከሆነ የፈላ ውኃ መድፋት ስለማይቻል ለባለሙያ ተዉት። ልጆች የሚጫወቱበት የአሸዋ ሳጥን ካለ ሁልጊዜ ይከደን።

የእብድ ውሻ በሽታ

አገር ቤት ይህን በሽታ የምናውቀው በውሻ ነው። እዚህ ውሾቹ ስለሚከተቡ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ዋናው ተሸካሚ ራኩን ሆኗል። ታሪኩ ይያዝልኝ፦ በ1970ዎቹ ለአደን ተብለው ከደቡብ ምሥራቅ ስቴቶች የመጡ ራኩኖች በሽታውን ወደ ዌስት ቨርጂኒያና ቨርጂኒያ ድንበር እንዳመጡት ነው የሚታመነው፣ ከዚያ እስከ ሰሜን ዳርቻ ተዛመተ። ራኩን ጭናችሁ ሌላ ሰፈር አታራግፉ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀን ላይ ያያችሁት ራኩን ሁሉ ያበደ አይደለም፤ የምታጠባ እናት ቀንም ትወጣለች። የሚንገዳገድ፣ ለሀጩ የሚዝረከረክ፣ ሰው ሲያይ የማይሸሽ ወይም የሚያጠቃ ከሆነ ግን ልጆችና ውሻ አስገቡና ወደ ካውንቲው አኒማል ኮንትሮል ደውሉ።

ከነከሳችሁ ወይም ከቧጠጣችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ ቀጥታ ኢመርጀንሲ ሂዱ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ሰው ይተርፋል ማለት አይቻልም። አስቀድሞ ላልተከተበ ሰው የሚሰጠው ሕክምና በመጀመሪያው ቀን ቁስሉ አካባቢ የሚወጋ መድኃኒትና በ14 ቀን ውስጥ የሚያልቅ 4 ጊዜ ክትባት ነው። ጸሎቱም ፀበሉም ይቀጥል፣ መርፌው ግን አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ። ውሻችሁ ከራኩን ጋር ከተጣላ ደግሞ ጓንት አድርጋችሁ ያዙትና የዚያኑ ቀን ለእንስሳት ሐኪሙ ደውሉ፣ ክትባቱ ወቅታዊ ቢሆንም ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል።

የማይሆኑ ነገሮች

መርዝ አታስቀምጡ። ሕግ ይከለክላል፣ የጎረቤት ውሻና ድመትም ይበላዋል። ናፍታሊን መበተንም እንዲሁ ነው፦ ለቁም ሣጥን የተሠራ መርዝ ነው፣ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ሊያነሳው ይችላል። ሚጥሚጣ የሚረጩ አሉ፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ነፋስ ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል። እንቅስቃሴ ሲያይ ውኃ የሚረጨው መሣሪያ ግን ቦታውን እየቀያየራችሁ ካስቀመጣችሁት ይረዳል።

ባለሙያ መጥራት ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ይሁን። ከመስማማታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የሚያዘው እንስሳ ምን ይደረጋል፣ ቀዳዳውንስ ማን ይደፍናል? ወጥመድ ብቻ አስቀምጦ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ ቀዳዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ ሌላ ራኩን ይገባል፣ እናንተም እንደገና ትከፍላላችሁ። የዋጋውን ዝርዝር በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች መጥቶ በርሜሉን መታገሉ አይቀርም። የላስቲክ ገመዱን አታላሉ፣ አንድ ጊዜ ካገኘ ለሳምንታት ይመላለሳል። ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎ አሁንም ዱካ ካያችሁ ምግቡ ከአጥሩ ማዶ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ለሰፈር ድመት በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሳህን ነው። ጎረቤታችሁን አናግሩ፤ ድመቷን ቀን እንዲያበሏትና ሳህኑን ሳይመሽ እንዲያነሱት ብቻ ጠይቋቸው።