ከኤንኤፍኤል ድራፍት በፊት ተጫዋች ሲመዝኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ በሚያዝያ ወር 32ቱ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ሰባት ዙር አለ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ250 በላይ ስም ይጠራል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቡድኖቹ ዓመቱን ሙሉ ከኮሌጅ ኮሌጅ የሚዞሩ ስካውቶች (ተጫዋች መልማዮች) አሏቸው። ሐኪም አላቸው፣ ቪዲዮ አላቸው፣ ገንዘብም አላቸው። ያም ሆኖ በ2000 ቶም ብሬዲን እስከ 199ኛው ምርጫ ድረስ ማንም አልፈለገውም። ከእሱ በፊት ስድስት ኳርተርባኮች (ኳሷን የሚወረውሩ፣ ማጥቃቱን የሚመሩ ተጫዋቾች) ተወሰዱ። ብሬዲ ግን ሰባት ጊዜ የሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ዋንጫ በላ።

ይህን አይተው “በቃ፣ ሁሉም ዕድል ነው” የሚሉ አሉ። አልስማማም። ዕድል አለበት፤ ግን ስህተቶቹ ዓመት በዓመት ይደጋገማሉ። የሚደጋገም ስህተት ደግሞ ሊታረም ይችላል። የ2027ቱ ድራፍት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል ላይ እንደሚካሄድ ተነግሯል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሐበሾች ደጃፋችን ላይ ነው። ፉትቦል ያደጉበት ልጆቻችን ስለ ምርጫው ሲከራከሩ አብሮ መከራከር ለሚፈልግ ወላጅም ይህ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የምመዝንበት ነገር አንድ ነው። ልጁ እሑድ ዕለት ሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ያንን ሥራ ሲሠራ አይተነዋል ወይ? ሰዓቱም፣ ቁመቱም፣ ቁጥሩም፣ ወሬውም ለዚህ ጥያቄ መልስ እስከሰጡ ድረስ ነው ዋጋ ያላቸው።

በሩጫ ሰዓት መማረክ

በየካቲት መጨረሻ ገደማ ከ300 በላይ ልጆች ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይሰበሰባሉ። ኮምባይን ይባላል። 40 ያርድ ይሮጣሉ፤ ወደ 36 ሜትር ተኩል ነው። 225 ፓውንድ ብረት ይገፋሉ። ከፍታ ይዘላሉ፣ ርቀት ይዘላሉ። ሁሉም ነገር በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ማታውኑ የልጁ ስም ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

በ1995 ማይክ ማሙላ የሚባል የቦስተን ኮሌጅ ልጅ ለእነዚህ ፈተናዎች ብሎ ለይቶ ተዘጋጅቶ መጣ። ያኔ ይህ የተለመደ አልነበረም። ሁሉንም አስደነቀ። ፊላደልፊያ ከ12ኛ ወደ 7ኛ ለመውጣት ከታምፓ ቤይ ጋር ተራ ተለዋውጦ ወሰደው። ታምፓ ደግሞ በዚያው በተቀበለው 12ኛ ምርጫ ዋረን ሳፕን ወሰደ። ሳፕ ዛሬ የታላላቅ ተጫዋቾች መታሰቢያ በሆነው የዝና አዳራሽ ውስጥ ነው። ማሙላ ክፉ ተጫዋች አልነበረም። ነገር ግን ፊላደልፊያ የከፈለው በፈተና ላይ ላየው ሰው ነበር፤ ያገኘው ደግሞ በጨዋታ ፊልሙ ላይ የነበረውን ሰው ነው።

የ2017ቱም ይኸው ነው። ሪሲቨሩ (የተወረወረ ኳስ ተቀባዩ) ጆን ሮስ 40 ያርዱን በ4.22 ሴኮንድ ሮጦ የኮምባይኑን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሲንሲናቲ በ9ኛ ወሰደው። አንድም ዓመት በተቀበለው ኳስ 1,000 ያርድ አልደረሰም፤ ጉዳቱም አላስቀመጠው። በዚያው ድራፍት ኩፐር ከፕ 4.62 ሮጠ። ለሪሲቨር ቀርፋፋ የሚባል ሰዓት ነው። የመጣውም ኢስተርን ዋሽንግተን ከሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነበር። በሦስተኛው ዙር፣ 69ኛ ሆኖ ሄደ። በ2021 የውድድር ዘመን 1,947 ያርድ ተቀበለ፤ ያንን ሱፐር ቦውልም በኮከብነት ጨረሰ።

ልዩነቱ የት ነበር? ሪሲቨር በቀጥታ መስመር፣ ብቻውን፣ ያለ ሄልሜት አይሮጥም። ይጀምራል፣ ያዘገያል፣ በድንገት ይታጠፋል፣ ተከላካዩን በትከሻው ያታልላል። የከፕ ሰዓት ይህን አይናገርም። ፊልሙ ግን ይናገር ነበር።

ሰዓቱን ይጣሉት አልልም። ወደ ፊልሙ የሚመልስ ጥያቄ አድርገው ይያዙት። ልጁ ፊልም ላይ ከሚታየው በላይ ፈጥኖ ከሮጠ፣ ያ ፍጥነት ጨዋታ ላይ ለምን ጠፋ ብለው ይጠይቁ። የሚከላከሉትን ሳያነብ እየቀረ ይሆን? ከፊት ቆመው ለሚጋፉት ግዙፍ የመስመር ተጫዋቾች ደግሞ ከ40ው ይልቅ የመጀመሪያዎቹን 10 ያርዶች ይመልከቱ። እነሱ በጨዋታ ላይ 40 ያርድ የሚሮጡት ስንት ጊዜ ነው?

ኳሷን እየተከተሉ ማየት

እንደ እኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሁላችንም ስለለመድነው ደግሞ አይታወቀንም። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሷን ይከተላል። ሪሲቨሩ ገና አሥር ያርድ ሳይሮጥ ከስክሪኑ ይወጣል። የመስመር ተጫዋቹ ሥራውን በደንብ ከሠራ ማንም አያየውም። አሰልጣኞች የሚያዩት ቪዲዮ ከላይ ሆኖ 22ቱንም የሚያሳይ ነው። እሱን ማግኘት ካልቻሉም በተለመደው ቅጂ ላይ አንድ ልጅ መርጠው፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሱን ብቻ ይመልከቱ። አሰልቺ ነው። ግን ሌላ መንገድ የለም።

ኳርተርባክ ከሆነ ዓይኑን ይከተሉ። መጀመሪያ ያየው ሰው ተይዞበት ከሆነ ምን አደረገ? ሁለተኛውን ፈለገ ወይስ ወዲያው መሮጥ ጀመረ? ሊጥሉት ሲመጡበት እግሩ ጸጥ ይላል ወይስ ይርበተበታል? በተለይ ሦስተኛ ዳውን ላይ (10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች በሦስተኛው) ብዙ ያርድ ሲቀር ያሉትን ጨዋታዎች ይሰብስቡ። ያኔ ተከላካዩ ኳሷ በአየር እንደምትመጣ ያውቃል፤ መደበቂያ የለም።

የመስመር ተጫዋች ከሆነ እግርና እጁን ይመልከቱ። ኳሷ ከሄደች በኋላስ ይቆማል ወይስ ሰው ይፈልጋል?

የምርጥ ቅጽበቶች ቪዲዮ ብቻ አይቶ መፍረድ ደግሞ ጨርሶ አያዋጣም። ከ12 ጨዋታ ተቆርጦ አራት ደቂቃ የሆነ ነገር ነው። ለኮርነርባክ (ሪሲቨሮችን ለሚከላከል ተጫዋች) እንዲያውም ተቃራኒውን ሊነግረን ይችላል። ጎበዝ ኮርነርባክ ወዳለበት ኳስ አይወረወርም፤ ስለዚህ የሚቆረጥ ቪዲዮ የለውም። የልጁን መጥፎ ጨዋታ ፈልገው ይመልከቱ። ከሁሉ የበረታ ተጋጣሚ የገጠመበትንም ይመልከቱ። ከትንሽ ኮሌጅ የመጣ ከሆነ ትልቅ ኮሌጅ ሄዶ የተጫወተበት ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል። ከዚያ ይጀምሩ።

ቁጥሩን ከአጨዋወቱ ነጥሎ ማንበብ

ቴክሳስ ቴክ ለዓመታት ኳስ በብዛት የሚወረውር ኮሌጅ ነበር። በ2003 ኳርተርባኩ ቢ.ጄ. ሲመንስ 5,833 ያርድ ወረወረ። በወቅቱ የኮሌጅ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ነበር። ድራፍት ላይ ግን በ7ኛው ዙር ነው የተወሰደው፤ በኤንኤፍኤልም ቦታ አላገኘም። ቁጥሩን ያመጣው በብዛት አጨዋወቱ ነበር።

ይህን የተማሩ ሰዎች ደግሞ በሌላ ጎን ተሳሳቱ። “የቴክሳስ ቴክ ኳርተርባክ ነው፣ ቁጥሩ አይታመንም” እያሉ ፓትሪክ ማሆምስን ተጠራጠሩት። በ10ኛ ምርጫ ነው የሄደው። ካንሳስ ሲቲ ከ27ኛ ተነሥቶ እስከዚያ የወጣው ለእሱ ብሎ ነው። ሌሎቹ ሲጠራጠሩት እነሱ ያዩት በሩጫ ላይ እያለ፣ እግሩ ሳይተከል፣ ከየትኛውም ማዕዘን የሚወረውረውን ኳስ ነበር። ያንን የትኛውም አጨዋወት አይሰጥም። አጨዋወቱ ያመቻቸለትን ቀላል ኳስ ሁሉ ይቀንሱና የቀረውን ይመዝኑ።

“ኳርተርባክ እንዲህ ነው የሚመስለው” ማለት

ይህ ስህተት ሰው ጎድቷል። ዋረን ሙን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ይዞ በጥር 1978 ትልቁን የኮሌጅ ጨዋታ ሮዝ ቦውልን አሸነፈ፤ የጨዋታው ኮከብም እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ድራፍት ላይ ማንም አልመረጠውም። ጥቁር ኳርተርባኮችን ወደ ሌላ ቦታ መግፋት የተለመደበት ዘመን ነበር። ሙን ቦታዬን አልቀይርም ብሎ ካናዳ ሄደ። ኤድመንተን ውስጥ በተከታታይ አምስት ዋንጫ በላ። በ1984 ወደ ሂውስተን መጣ። በ2006 የዝና አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ኤንኤፍኤል ስድስት ዓመት አጨዋወቱን ያጣው ፊልም ስላልነበረ አይደለም። በጭንቅላታቸው ያለው ሥዕል ፊልሙን አላሳያቸው ስላለ ነው።

አርባ ዓመት አለፈ። በ2018 የሄይስማን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ተሸላሚው ላማር ጃክሰን ሪሲቨር ቢሆን ይሻለዋል የሚሉ አሁንም ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ፣ 32ኛ ምርጫ ሆነ። አራት ኳርተርባኮች ቀደሙት። እሱ ግን በ2019 እና በ2023 የሊጉ ኮከብ ሆነ። ጥቁር ለሆኑ ልጆች ወላጅ ስለሆንን ይህን ታሪክ ብናውቀው ጥሩ ነው።

ቁመትም እንዲሁ ነው። 1 ሜትር ከ80 ገደማ የሆነው ራስል ዊልሰን በ2012 75ኛ ሆኖ ሄደ፤ በሁለተኛ ዓመቱ ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ቁመት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። አጭር ኳርተርባክ ከፊቱ ባሉት ግዙፎች ላይ አሻግሮ ማየት ይከብደዋል። ስለዚህ ሜትሩን ትተው ችግሩን ይፈልጉት። ኳሶቹ በተከላካይ እጅ ይመለሳሉ ወይ? በመሃል ሜዳ ይወረውራል ወይስ ወደ ዳር ብቻ? ችግሩ ፊልሙ ላይ ከሌለ በሜትር አይፍጠሩት።

ዕድሜን መዝለል

ዛሬ ልጆች ኮሌጅ እየቀያየሩ፣ ገንዘብም እያገኙ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። 24 ዓመት የሞላው ሰው የ19 ዓመት ልጅ ሲገፈትር ማየት ብዙ አይነግርም። ክሊቭላንድ በ2012 ብራንደን ዊደንን በ22ኛ ምርጫ ሲወስድ ልጁ 28 ዓመቱ ነበር። ቤዝቦል ተጫውቶ የመጣ ነው። ለማደግ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ክሊቭላንድ አሰናበተው።

ወሬን እንደ ማስረጃ መያዝ

ከድራፍት በፊት ባሉት ሳምንታት ወሬ ይበዛል። “ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር” የሚባለው እዚህ ላይ ለወሬው ምንጭ ነው የሚሠራው። አንድ ልጅ ተራው ላይ ሳይነካ እንዲደርሰው የሚፈልግ ቡድን ስሙን ቢያጠፋ ይጠቀማል። በ2023 ሲ.ጄ. ስትራውድ በአንድ የአእምሮ ቅልጥፍና ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አመጣ የሚል ወሬ ወጣ። ሂውስተን በ2ኛ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት የማጥቃት ክፍሉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

አንድ ነገር ግን እለያለሁ። በሌላ ሰው ላይ እጁን ያነሣ፣ ጉዳዩም በፖሊስና በፍርድ ቤት የተመዘገበ ተጫዋች ወሬ አይደለም። ያንን “የሜዳ ሥራውን ብቻ እዩ” ብሎ መሸፈን ትክክል አይመስለኝም።

ትንበያን ከግምገማ ማምታታት

ማን የት ይሄዳል የሚለው ዝርዝር ትንበያ ነው። ማን ጎበዝ ነው የሚለው ሌላ ነው። በ2025 ሸዱር ሳንደርስን ብዙ ትንበያዎች በመጀመሪያው ዙር አስቀምጠውት ነበር። የተጠራው በ5ኛው ዙር፣ 144ኛ ሆኖ ነው። ሰው የደነገጠው የራሱ ግምገማ ስላልነበረው ይመስለኛል። መጀመሪያ የራስዎን ደረጃ ይጻፉ፣ ከዚያ የሰውን ያንብቡ።

ቀዳዳ ለመድፈን መጣደፍ፣ በአንድ ልጅ ላይ ሁሉን ማስያዝ

ግሪን ቤይ በ2005 ኮከብ ኳርተርባኩ ብሬት ፋርቭ እያለለት አሮን ሮጀርስን በ24ኛ ወሰደ። ያን ቀን ኳርተርባክ አያስፈልገውም ነበር። ሮጀርስ ሦስት ዓመት ተቀመጠ፤ ከዚያ አራት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ሆነ። በተቃራኒው ኒው ኦርሊንስ በ1999 ሪኪ ዊልያምስን ለማግኘት የዚያን ዓመት ምርጫዎቹን በሙሉ፣ ከቀጣዩም ዓመት የመጀመሪያና የሦስተኛ ዙሩን ሰጠ። ዊልያምስ ጎበዝ ነበር። ግን አንድ ሰው ያንን ሁሉ ሰው አይተካም። ተመራማሪው ኬድ ማሲ እና በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሪቻርድ ቴለር ድራፍቱን አጥንተው ነበር። አንድ ተጫዋች በዚያው ቦታ ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የሚሻልበት አጋጣሚ ከግማሽ ጥቂት ብቻ እንደሚበልጥ አገኙ። ለአንድ ስም ሁሉን ከመስጠት ምርጫ ማብዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ውጤት መስጠት

ድራፍቱ እንዳለቀ ለየቡድኑ “ኤ”፣ “ሲ” እየተባለ ይሰጣል። ገና አንድ ልጅ ኳስ አልነካም። የሄደበት ቤትም ይወስናል። ዴቪድ ካር በ2002 1ኛ ሆኖ አዲስ ወደተመሠረተው ሂውስተን ቴክሳንስ ገባ። የሚጠብቀው መስመር አልነበረም፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 76 ጊዜ ጣሉት። ሳም ዳርኖልድ በ2018 3ኛ ሆኖ ኒው ዮርክ ጄትስ ገባ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሸፈ ተባለ። በ2024 ሚኒሶታ ላይ ጥሩ አሰልጣኝና ጎበዝ ሪሲቨሮች ሲያገኝ 14 ጨዋታ አሸነፈ። በማስታወሻዎ ላይ ከልጁ ስም አጠገብ የአሰልጣኙን ስም፣ ከፊቱ የሚቆሙትን አምስት የመስመር ተጫዋቾችም ይጻፉ። ፍርዱን ደግሞ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ያቆዩት።